ኤን-ሮድስን ሞከርኩት፤ የምወደውን መፍትሄ አዋረደብኝ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው አንዲት መፍትሄ በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ኒውክሌር ይላል። አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ይላል። ሌላው "ችግሩ የሕዝብ ብዛት ነው" ብሎ ክርክሩን የጨረሰ ይመስለዋል። እኔ የዛፍ ወገን ነበርኩ። ዛፍ ማን ይጠላል? ያምራል፣ ጥላ አለው፣ ከማንም አያጣላም። አንድ ወዳጄ ግን ስለ ዛፍ ስሰብክ ሰልችቶት ነው መሰለኝ አንድ ሊንክ ላከልኝ። "እስቲ ዛፍህን እዚህ ትከልና እንየው" ይላል ከሥሩ።

ሊንኩ ኤን-ሮድስ የሚባል ሲሙሌተር ነው፤ እርምጃዎች የዓለምን ሙቀት እንዴት እንደሚቀይሩ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ከፍቼው እኩለ ሌሊት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስለተጠቀምኩበት፣ ብቻዬንም ከሰው ጋርም ስለሞከርኩት፣ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ ነገርየው ምን እንደሆነ። የሠሩት ክላይሜት ኢንተራክቲቭ የተባለ ድርጅት፣ ቬንታና ሲስተምስ እና የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የስሎን ማኔጅመንት ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። ለሕዝብ የተለቀቀው በ2019 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ነጻ ነው። ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ምንም አይጫንም፣ ተመዝገቡ ብሎ አይነዘንዝም። እኔ የተጠቀምኩት በላፕቶፕ ነው።

ሲከፈት ሁለት ትልልቅ ግራፎች ታያላችሁ። በግራ ዓለም ኃይል የምታገኝባቸው ምንጮች ናቸው፦ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይት፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ታዳሽ ኃይል፣ ኒውክሌር፣ ባዮኢነርጂ (ከዕፅዋት የሚገኝ ኃይል)። በቀኝ በየዓመቱ ወደ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። ጥግ ላይ አንድ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ በ2100 ዓለም ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረችበት ምን ያህል እንደምትሞቅ። ከታች ስላይደሮች፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተቱ መቆጣጠሪያዎች፣ ተደርድረዋል። አንዱን ስታንሸራትቱ ግራፉ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። መጠበቅ የለም። ሱሱም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ምንም ሳትነኩት ቁጥሩ ከ3 ዲግሪ በላይ ነው። በ2015 የፓሪስ ስምምነት አገሮች የተስማሙት ደግሞ ሙቀቱን ከ2 ዲግሪ በደንብ ዝቅ ለማድረግና ከተቻለ በ1.5 ለመገደብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ለማጥበብ መሞከር ነው እንግዲህ የእናንተ ሥራ።

እኔ በቀጥታ ወደ ዛፍ ሄድኩ። ስላይደሩን እስከ ጥግ ገፋሁት። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ተንቀሳቅሷል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችው አሃዝ ትንሽ ወረደች። በቃ። መለስኩት፣ እንደገና ገፋሁት። ያው ነው። (ትክክለኛ ቁጥሮቹን አልጽፍም፤ ሞዴሉ በየጊዜው ስለሚታደስ እናንተ ስትከፍቱት ሌላ ልታገኙ ትችላላችሁ። አቅጣጫው ግን አይቀየርም።)

ተናድጄ ለምን እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። ሲሙሌተሩን የወደድኩትም እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን አይደብቅም። ግራፎቹን መቀየር ይቻላል፣ ደኑ ስንት መሬት እንደሚፈልግ የሚያሳይም አለ። መሬቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ እርሻው የት ሊሄድ ነው? ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ካርቦን በብዛት የሚስበው ካደገ በኋላ ነው፣ እስኪያድግ ደግሞ አሥርት ዓመታት ይወስዳል። ዓለም በዓመት የምትለቀው ደግሞ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር ከ50 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ችግኙ እስኪደርስ ማን ይጠብቀዋል። የቆመውን ደን አለመጨፍጨፍ የራሱ ስላይደር አለው፤ የቆመ ዛፍ እስኪያድግ መጠበቅ ስለሌለበት ውጤቱ ቶሎ ይጀምራል። ያንንም ብቻውን ብትገፉት ግን የትም አያደርስም።

እሺ ብዬ ወደ ቴክኖሎጂ ዞርኩ። "አዲስ ከካርቦን ነጻ የኃይል ምንጭ" የሚል ስላይደር አለ። ገና ያልተሠራ፣ ርካሽ፣ ንጹሕ፣ ሁሉን የሚያስረሳ ተአምር ተገኘ ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ልቡ እዚህ ላይ ነው፤ ሳይንቲስቶች አንድ ነገር ማምጣታቸው አይቀርም ብሎ ይተኛል። ገፋሁት። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ አገኘሁት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሳካ ነገር ወደ ገበያ እስኪወጣ፣ ፋብሪካው እስኪተከል፣ አሮጌው ጣቢያ ዕድሜውን ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ ዓመታቱ ይነጉዳሉ። ደግሞ ሲመጣ ከሰልን ብቻ አይገፋም። ፀሐይንና ነፋስንም አብሮ ይገፋል። ንጹሑ ንጹሑን ሲተካ ለአየሩ ምን ተረፈው? ይሄ በፍጹም አስቤው የማላውቀው ነገር ነበር።

ቀጥሎ ከሰል። የድንጋይ ከሰል ላይ ከባድ ታክስ ጣልኩ። በግራው ግራፍ የከሰሉ ክፍል እንደ በረዶ ሟሟ። ደስ አለኝ። ከዚያ ከበላዩ ያለውን ሳየው የተፈጥሮ ጋዙ ወፍሯል። አልሸሹም ዞር አሉ! ጋዝ ሲቃጠል የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከሰል ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው፣ እሱ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ከጉድጓዱና ከቧንቧው ሚቴን የሚባለው ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ ካመለጠ ትርፉ ይበላል። ስለዚህ አንዱን ነዳጅ ብቻ መቅጣት አይበቃም። ዓለም ያንን ኃይል የፈለገችው ለሆነ ነገር ነውና ከሌላ ቦታ ታመጣዋለች።

የካርቦን ዋጋ የሚባለው ስላይደር ጉልበት ያለው ለዚህ ይመስለኛል። አንዱን ነዳጅ ለይቶ አይመታም። የሚያስከፍለው በሚለቀቀው ቶን ልክ ነው፤ ከሰል ብዙ ይከፍላል፣ ጋዝ ይቀንሳል፣ ፀሐይ ምንም። ኃይል ራሱ ስለሚወደድም ሰው መቆጠብ ይጀምራል። ስላይደሩን ስትገፉ በግራ ያሉት የነዳጅ ክፍሎች ሁሉ አብረው ይቀጥናሉ፣ ቁጥሩም በሚታይ መጠን ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬ ላይ ቀና ያልኩት ያኔ ነው።

ግን ማንሸራተት ቀላል ነው። ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 የካርቦን ታክስ ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት የመልቀቅ ፈቃድ የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን የልቀት ገበያውን በ2005 ከፈተ፣ ቻይና አገር አቀፍ ገበያዋን በ2021 ጀመረች። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የካርቦን ዋጋ የሚነካው ከዓለም ልቀት ሩብ ገደማውን ነው። አውስትራሊያ በ2012 ጀምራ በ2014 ሰረዘችው። ፈረንሳይ ውስጥ በ2018 የነዳጅ ታክስ ጭማሪ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሕዝብ አደባባይ አወጣ፣ መንግሥትም ጭማሪውን ተወው። ስላይደሩን ስትገፉት የሚጮኽ ሰው የለም፣ ምርጫ የሚሸነፍ የለም። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ።

ሳይጠበቅ ያስገረሙኝ ሚቴንን የሚቀንሱት ስላይደሮች ናቸው። ዝም ብለው ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ማንም የማይሰብክላቸው። ሚቴን የሚወጣው ከከብት ሆድ፣ ከሩዝ ማሳ፣ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከከሰል ማዕድንና ከነዳጅ ጉድጓድ ነው። ይሄ ጋዝ ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል፤ አየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከገባ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት አይወጣም። ስለዚህ ዛሬ ሚቴንን ብትቀንሱ ውጤቱን የልጅ ልጅ ሳይሆን እኛው እናየዋለን። ስላይደሮቹን ስትነኳቸው የሙቀቱ መስመር ቶሎ ጎንበስ ሲል ይታያል። በ2021 ግላስጎው ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች በ2030 ሚቴንን ከ2020 መጠኑ በ30 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተው ነበር፤ እስካሁን ከ150 በላይ አገሮች ፈርመዋል። በጊዜው ዜናውን ሰምቼ አልፌዋለሁ። ከሲሙሌተሩ በኋላ ተመልሼ አነበብኩት።

የኤሌክትሪክ መኪናውን አጠር አድርጌ ልለፈው፦ መኪናውን ኤሌክትሪክ አድርጋችሁ ኤሌክትሪኩ ከከሰል ከመጣ ጭሱን ከጭስ ማውጫው ወደ ጣቢያው ማዛወር ይበዛበታል። ታዳሽ ኃይሉን አብራችሁ ስትገፉ ግን ሁለቱ ይረዳዳሉ። ኃይል ቆጣቢ ሕንፃና ማሽንም እንዲሁ ነው፣ ወሬው አይስብም፣ ሥራው ግን ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ሲሙሌተር ከማንኛውም ንግግርና ዘገባ ይልቅ ያስተማረኝ ስለ ጊዜ ነው። ከልቤ ሆኜ በተለያዩ ስላይደሮች ልቀቱን ባለበት አቆምኩት። መስመሩ መውጣት ትቶ ጠፍጣፋ ሆነ። እፎይ ብዬ የሙቀቱን ግራፍ ከፈትኩ። እየወጣ ነው! ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው። የተበላሸውስ የኔ ጭንቅላት ነበር።

ገንዳ አስቡ። ቧንቧው ይንፎለፎላል፣ ከታች ትንሽ ማፍሰሻ አለች። ቧንቧው ባለበት ፍጥነት ከቀጠለ ውሃው "ባለበት" አይቆይም፣ ከፍ ማለቱን ይቀጥላል። ከቧንቧው የሚገባው ከማፍሰሻው ከሚወጣው ጋር እስኪተካከል ድረስ ገንዳው አይቆምም። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ከምንለቀው ውስጥ ግማሽ የሚጠጋውን ውቅያኖስና ምድር ይወስዱልናል፣ ቀሪው አየር ላይ ይከማቻል። ከኢንዱስትሪ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ጆን ስተርማን ይሄን ስህተት ያጠኑት በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ በማስተርስና በዶክትሬት ተማሪዎች ላይ ነው፤ አብዛኞቹ እንደኔው ተሳስተዋል። ስለዚህ ብዙም አላፈርኩም።

"ኔት ዜሮ" የሚባለው ቃል ከመፈክርነት ወጥቶ ትርጉም ያገኘልኝም በዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ በ2018 ባወጣው ዘገባ ሙቀቱን በ1.5 ለመገደብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በ2050 አካባቢ የተጣራ ዜሮ (ኔት ዜሮ) መድረስ፣ ማለትም የሚለቀቀው ከአየር ከሚወገደው ጋር መተካከል አለበት ብሏል። ቀንሱ ብሎ ብቻ አላበቃም፤ ገንዳው መሙላቱን እንዲያቆም ነው ያለው። ደግሞ እዚያው ሲሙሌተር ላይ አንድን እርምጃ ዛሬ መጀመርና ከአሥር ወይም ሃያ ዓመት በኋላ መጀመር የሚያመጣውን ልዩነት ዝርዝሩን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ የካርቦኑን ዋጋ መጀመሪያ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አየሁት። ያው ዋጋ፣ ያው ስላይደር፣ የዘገየው ብቻ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ተመለሰብኝ።

ብቻችሁን ከምትጫወቱት ከሰው ጋር ይሻላል። ድርጅቱ ለቡድን የሚሆን የጨዋታ መመሪያም አዘጋጅቷል፤ አንዱ የዓለም መንግሥታትን፣ አንዱ ነዳጅ አምራቾችን፣ አንዱ የንጹሕ ቴክኖሎጂ ባለሀብቶችን፣ አንዱ የእርሻና የደን ሰዎችን፣ አንዱ ደግሞ የፍትሕ ተሟጋቾችን ወክሎ ይደራደራል። ስድስት ሆነን ሞከርነው። በአካባቢ ጉዳይ ከሁላችን በላይ የሚናደደው ጓደኛችን ዕጣው ነዳጅ አምራች ላይ ወደቀ። ይሄ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተዋጣለት ነዳጅ ሻጭ ሆኖ አረፈው። "ዓለም ንጹሕ ነገር ትፈልጋለች፣ እኛም ዛፍ እንተክላለን" እያለ የዛፍ ስላይደሩን ሲገፋ እኔን እያየ ይስቃል። ታክስ በተነሳ ቁጥር የሠራተኛውን እንጀራ ያነሳል። ሁለት ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ ያቆምነው ከ2 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አንድ ሕግ አውጥተን ነበር፦ የሕዝብ ቁጥርና የኢኮኖሚ ዕድገት ስላይደሮችን መንካት ክልክል ነው። ምክንያቱም ሰው አይወለድ፣ ድሃ አይበልጽግ ብሎ ማንሸራተት ፖሊሲ አይባልም። የሚገርመው የሕዝብ ቁጥሩን ቢነኩትም የሚያመጣው ለውጥ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

አሁን ያልወደድኩት። ኤን-ሮድስ የሚያውቀው አንዲት ዓለምን ነው። አገር የለም። ስላይደሩን ስትገፉ መላው ዓለም በአንድ ቀን ተስማምቶ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እውነተኛው ዓለም እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ደግሞ እናውቃለን፤ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በርሊን የተደረገው በ1995 ነው፣ የጉባኤው ውሳኔ ከቅሪተ አካል ነዳጆች ሁሉ ለመሸጋገር በግልጽ የጠራው ግን በ2023 ዱባይ ላይ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! አንድን ቃል ወረቀት ላይ ለማስፈር። ይሄ ድካም በስክሪኑ ላይ የለም።

ማን ይክፈል የሚለውም የለም። ለሁለት መቶ ዓመት ያቃጠለውና ገና መብራት ያልገባለት እዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ ተጨፍልቀዋል። በ2024 ባኩ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሲያጨቃጭቅ ያደረው ጉዳይ ይሄ ነበር፤ ሀብታሞቹ አገሮች በ2035 ለታዳጊዎቹ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አሉ፣ ታዳጊዎቹ የሚያስፈልገው ወደ 1.3 ትሪሊዮን ነው ይሉ ነበር። ያንን ጭቅጭቅ የሚያሳይ ስላይደር ብትፈልጉ አታገኙም። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ሠሪዎቹም ይሄን አይደብቁም፤ ሲ-ሮድስ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፣ እሱ ልቀቱን በአገሮች ቡድን ከፋፍሎ የየራሳቸውን ቃል ኪዳን ያሰላል። በ2009 የኮፐንሃገን ጉባኤ ጊዜም አገልግሏል። የፖሊሲ ሰው ከሆናችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱ። አንዱ ምን ይደረግ ይላል፣ ሌላው ማን ያድርገው።

ሌላው ያ ትልቁ ቁጥር ነው። ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ አለው፣ ሰው ደግሞ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲያይ ያምናል። ትንቢት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ዓለም ስንት ዲግሪ ትሞቃለች የሚለው ራሱ፣ አይፒሲሲ በ2021 እንዳለው፣ ምናልባትም ከ2.5 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው፤ የተሻለው ግምት 3 ነው። ደግነቱ መነሻ ግምቶቹ የተደረደሩበት ገጽ ክፍት ስለሆነ ይሄንንም ማንሸራተት ትችላላችሁ። እስቲ ከፍ አድርጉትና የደከማችሁበት ውጤት እንዴት እንደሚበላሽ እዩ። እኔ አንዴ አድርጌው ላፕቶፑን ዘጋሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትከፍቱት፦ ሁሉንም ስላይደር እስከ ጥግ አትግፉ፣ ጌም አይደለም። አንዱን ብቻ ያዙና ከመንካታችሁ በፊት ስንት ይወርዳል ብላችሁ ገምቱ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ግፉ። የመጨረሻውን ለውጥ መልሶ የሚያጫውት ቁልፍ አለ፣ እሱን ደጋግሙት፤ ዓይናችሁም ከትልቁ ቁጥር ይልቅ በግራው የኃይል ግራፍ ላይ ይሁን፣ ማን ማንን እንደተካ የሚታየው እዚያ ነው። ለአስተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ እንደኔ አንድ መፍትሄ አፍቅሮ ለተቀመጠ ሰው፣ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዚያ አገር ለሌለው ዓለሙ ነው። የራሱን አገር ፖሊሲ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ግን እዚህ አያገኘውም።

የሠራችሁትን ሁሉ በሊንክ መላክ ይቻላል። ትናንት ማታ ዛፉን በልኩ፣ ሚቴኑን፣ ካርቦን ዋጋውን፣ ሕንፃውን ሁሉ ስነካካ አምሽቼ 1.8 ላይ አደረስኩና ለዚያ ሊንክ ለላከልኝ ወዳጄ ሰደድኩለት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በኔው ላይ ጨምሮ 1.7 አድርጎ መለሰው። ከፍቼ አንድ በአንድ ፈተሽኩት። የኢኮኖሚ ዕድገቱን ዝቅ አድርጎታል። አይቆጠርም አልኩት።